የነሐሴ ቅበላ በለንደን

የእኛ አገር ሰው ድግስ ሲጠራ፣ ከሚቀርበው ማዕድና ከሚሰማው ዜማ አስቀድሞ የሚያሳስበው የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ከዳሱ ደጃፍ ደርሶ ነጠላውን ሲያስተካክል፣ አስተናባሪው እጁን ይዞ ወደ ላይኛው ወንበር ያወጣው ወይም ከበሩ አጠገብ ከልጆች ጋራ ይሸጉጠው እንደ ሆነ በዐይኑ ጥግ ይመረምራል፤ በተሰጠውም ስፍራ መጠን ፊቱ ይፈካል ወይም ይጠቍራል። ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ፣ ሚዜው ሲጨፍር፣ አዝማሪው ሲገጥም፣ ኰረዶቹ ትከሻቸውን ሲያንቀጠቅጡ፣ እርሱ እጁን በደረቱ አጣምሮና ከንፈሩን ገጥሞ መመልከትን ታላቅ መዓርግ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ መጨፈር ለወጣት፣ ማጨብጨብ ለሴቶች፣ መሸለም ለባለጸጋ፣ መመልከት ግን ለትልቅ ሰው ተብሎ ከጥንት የተደነገገ ይመስል፣ ማንም ሳያስገድደው ሳይነቃነቅ ያመሻል። ይህን ልማድ ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ እኔም ከማይነቃነቁት ወገን ነኝና። የተነሣሁት ይህ የመመልከት መዓርግ ፈጽሞ ዋጋ ስለሚያጣበት ስለ አንድ በዓል ለማውጋት ነው።

በዓሉ በምዕራብ ለንደን፣ ኖቲንግ ሂል በሚባለው ሰፈር በየዓመቱ የሚደረገው ካርኒቫል ነው። ቀኑ እንግሊዞች ባንኮቻቸውን ዘግተው የሚያርፉበት፣ በእነርሱ አቈጣጠር የኦገስት ወር የመጨረሻው ሰኞ ከዋዜማው እሑድ ጋራ ሲሆን፣ በሁለቱ ቀናት ወደ ሰፈሩ የሚገባው ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ይነገራል፤ 2 ሚሊዮን የሚያደርሱትም አሉ። ትሪኒዳዳዊው ከብረት በርሜል የተሠራ መሣሪያውን እየመታ፣ ጃማይካዊው ከፎቅ መስኮት የሚደርስ ሞንታርቦውን ደርድሮ፣ ብራዚላዊው በሳምባ ከበሮ ታጅቦ፣ ከዶሚኒካ፣ ከግሬናዳና ከሴንት ሉሺያ ደሴቶች የመጣውም እንዳገሩ ወግ ተሸልሞ ይወጣል፤ ለማየት የሚመጣው ደግሞ ከፖርቱጋል እስከ ፊሊፒንስ፣ ከሞሮኮ እስከ ሶማሊያ፣ በለንደን የሚኖረው ዘር ሁሉ ነው። ሐበሻም ከዚያ አይታጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን ከመንገዱ ዳር፣ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ እጁን አጣምሮ ነው።

ከእኔ ጋራ የሄዱት እንግዳ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአገር ቤት የመጡ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ፤ ድጓውን ከቤተልሔም፣ አቋቋሙን ከጎንደር በአታ የቀሰሙ፣ ከዕድሜያቸው የሚበዛውን በማኅሌት ቆመው ያሳለፉ፣ ስለ ዜማ በተነሣ ጊዜ ማንንም የማይፈሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው «የከተማውን ደስታ ያሳዩልኝ» ብላ በአደራ ስትሰጠኝ፣ እርሳቸው ከቤት ሳይወጡ አስቀድመው ነገሩ ከሥርዓት ጋራ ይስማማ እንደ ሆነ ማጣራት ፈለጉ።

«ልጄ፣ ይህ ካርኒቫል የምትሉት ጥንተ ነገሩ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ካቶሊኮቹ ከዐቢይ ጾም አስቀድመው የሚያደርጉት ቅበላ ነው።»

«ዐቢይ ጾም በየካቲት ሆኖ ቅበላው በነሐሴ?»

ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነበር። በትሪኒዳድ ደሴት ሥርዓቱ እስከ ዛሬ እንደ ተጠበቀ ነው፤ ሰኞና ማክሰኞ ጨፍረው፣ ረቡዕ በግንባራቸው ዐመድ ተቀብተው ጾም ይይዛሉ። ባሕር ተሻግሮ ወደ ለንደን ሲመጣ ግን የካቲት እንደዚያ አልተመቸም፤ በዚያ ወር ላባና ፈርጥ ብቻ ለብሶ አደባባይ የሚወጣ ሰው፣ የሳምባው ጭፈራ ሳያልቅ የሳምባ ምች ይዞት ይመለሳል። ስለዚህ በዓሉ ከጾሙ ተለይቶ፣ ፀሐይ አለች ተብሎ ወደሚታሰብበት ወደ በጋቸው ተሻገረ። የኔታ ይህን ከሰሙ በኋላ የጣታቸውን አንጓ እየቈጠሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ «ፍልሰታ በነሐሴ 16 ይፈታል፤ የእነዚህ ሰኞ ከነሐሴ 19 አይቀድም፣ ከ25 አያልፍ፤ እሑዱም ከ18 እስከ 24 ይመላለሳል፤ ረቡዕና ዓርብ አይነኩትም። እንግዲያስ ጾም ላይ የማይወድቅ በዓል ነው፤ እንሂድ» ብለው ፈረዱ። የእንግሊዝ መንግሥት የዕረፍቱን ቀን ሲወስን ይህን ሒሳብ እንዳላሰበበት ብነግራቸው፣ «ያሰበለት ሌላ አለ» ብለው ጭራቸውን አነሡ። ስንት ዓመት በለንደን ስኖር፣ የካርኒቫልን ባሕረ ሐሳብ ያወጣ ሰው ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በባቡሩ ውስጥ ታሪኩን አወጋኋቸው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ እዚህ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ወደ ትሪኒዳድ የገቡት ፈረንሳውያን ባለርስቶች ከጾም በፊት ጭምብል አጥልቀው በየአዳራሻቸው ሲጨፍሩ፣ በሸንኮራ አገዳው እርሻ የሚደክሙት አፍሪካውያን ባሪያዎቻቸው ከዚያ ደስታ ዕጣ ፈንታ አልነበራቸውም፤ በ1830ዎቹ ነጻነት በታወጀ ጊዜ ግን እነዚሁ ሰዎች አደባባዩን ወርሰው፣ የጌቶቻቸውን አለባበስና አረማመድ እያስመሰሉ፣ ከበሮአቸውን እየመቱ በዓሉን የራሳቸው አደረጉት። የእንግሊዝ ገዥዎች በሌሊቱ ከበሮና ችቦ ስለ ተሸበሩ በ1880ዎቹ ሁለቱንም በአዋጅ አገዱ። ከበሮ የተከለከለውም ሕዝብ ቀርቀሃ ቈርጦ በመሬት እየወቀጠ ይጨፍር ጀመር፤ ከቀርቀሃው ወደ ብስኵት ጣሳና ወደ ቈሻሻ መጣያ ክዳን ተሻገረ፤ በመጨረሻም፣ ደሴቲቱ የነዳጅ ዘይት አገር ናትና፣ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ባዶውን የዘይት በርሜል አነሣና ክዳኑን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ውስጥ አጐድጕዶ፣ እያንዳንዱን ስፍራ በየድምፁ ቃኘው። ስቲል ፓን የሚባለው ይህ መሣሪያ ዛሬ የትሪኒዳድና ቶቤጎ ብሔራዊ መሣሪያ ነው፤ በ1951 ከዚያች አገር የተመረጡ መቺዎች ወደ ለንደን መጥተው በታላቁ የብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ ሲያሰሙት፣ እንግሊዞች ከበርሜል ውስጥ ዜማ ይወጣል ብለው ስላላሰቡ ጐንበስ እያሉ ከሥር ይመለከቱ ነበር ቢባል አይደንቀኝም።

የኔታ በአዋጁ ነገር እጅግ አዘኑ። ከበሮ ማለት ለእርሳቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ ቈዳውም፣ ማንገቻውም የየራሱ ምሥጢር ያለው ንዋየ ቅድሳት ነው። «ከበሮ ከልካይ ገዥ!» አሉ ደጋግመው፤ አጠገባቸው የተቀመጠች እንግሊዛዊት ወይዘሮም እርሷን የሚቈጡ መስሏት መጽሐፏን አጥፋ ተነሣች። ቈየት ብለው ግን፣ «ያ ሰው ከበሮውን ባያግድ ኖሮ በርሜሉ ሳይዘምር ሊቀር ነበር፤ ክፉም ሳያውቀው ያገለግላል» አሉና ተጽናኑ።

በዓሉን ወደ ለንደን ያመጣው ጠብ ነው። በ1948 ኢምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን የጫነቻቸውን ሰዎች በቴምዝ ወንዝ አፍ ካራገፈች ወዲህ፣ የአውቶቡሱን፣ የባቡሩንና የሆስፒታሉን ሥራ ለመሥራት የመጡት ጥቁሮች ቤት ፍለጋ ሲዞሩ በር እየተዘጋባቸው፣ በዚያን ጊዜ ድኻና የተጐሳቈለ በነበረው በኖቲንግ ሂል፣ እርጥበት በሚያፈራ ክፍል ውስጥ በውድ ኪራይ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። በ1958 በኦገስት መጨረሻ ነጭ ጐረምሶች ዱላና ጠርሙስ ይዘው በእነዚህ ሰዎች ላይ ተነሡ፤ ሁከቱም ቀናት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ክላውዲያ ጆንስ የተባለች፣ በትሪኒዳድ ተወልዳ በኒው ዮርክ ያደገች፣ በኮሙኒስትነቷ አሜሪካ አስራ በ1955 ያባረረቻት፣ ለንደን ገብታም ለካሪቢያን ሰዎች ጋዜጣ ያቋቋመች ሴት፣ ለተመታው ወገኗ ከስብሰባና ከአቤቱታ ሌላ መድኀኒት እንደሚያስፈልገው አስተዋለች፤ በ1959 ጃንዋሪ 30 ቀን፣ ውጭው ብርድ ቢሆን፣ በሴንት ፓንክራስ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል አደረገች፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥንም አሳየው። በ1964 ዐርፋ በሃይጌት መካነ መቃብር ከካርል ማርክስ ጐን ተቀበረች። የማርክስን መቃብር ለመሳለም የሚሄድ ሁሉ ሳያውቅ የካርኒቫልን እናት ያልፋታል።

አዳራሹን ትቶ መንገድ የወጣው በዓል ግን ከሌላ ሴት እጅ ነው። ሮን ላስሌት የምትባል የሰፈሩ ነዋሪ፣ ዩክሬናዊው፣ ስፔናዊው፣ ፖርቱጋላዊው፣ አየርላንዳዊው፣ የካሪቢያኑና የአፍሪካው ሰው በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ሰላምታ እንኳ እንደማይለዋወጡ አይታ፣ በ1966 ሁሉን ወደ መንገድ የሚያወጣ የሰፈር በዓል አሰናዳች። ገንዘብ አልነበራትምና የትርዒቱን ልብስ በሰም ምስሎቹ ከታወቀው ከማዳም ቱሶ ቤት፣ ፈረስና ጋሪውን ከፖርቶቤሎ ገበያ ነጋዴዎች ተዋሰች። ለልጆቹ እንዲጫወት የጠራችው ራስል ሄንደርሰን የተባለው ትሪኒዳዳዊ ከጓደኞቹ ጋራ ፓኑን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣ፤ መምታት ጀመረ፤ ልጆቹ ሞቅ ሲላቸውም የታጠረውን ስፍራ ትቶ እየመታ ወደ መንገድ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ የነገረው የለም፤ ፈቃድ የጠየቀለትም የለም። የሰማው ተከተለው፤ የተከተለውን ያየም ተከተለ። ዛሬ ፖሊስ፣ አምቡላንስ፣ ማዘጋጃ ቤትና ኮሚቴ በወራት ስብሰባ የሚደለድሉት የካርኒቫል መንገድ መነሻው ይህ ነው፤ እኔ ከበዓሉ ታሪክ ሁሉ የምወደውም ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ኮሚቴ ሳይቋቋም የተጀመረ ነገር በዘመናችን ብዙም አላየሁምና። ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው፤ ከ1973 እስከ 1975 ሌስሊ ፓልመር የሚባል መምህር የጃማይካዎቹን ሞንታርቦ አስገብቶ ደሴቶቹን ሁሉ ጠራ፤ በ1976 ፖሊስና ወጣት ክፉኛ ተጣሉ፤ በዓሉ ግን በዚያ ጠብ አልተቋረጠም።

የኔታና እኔ ከባቡር ወርደን ወደ ሰፈሩ ስንገባ መጀመሪያ የተቀበለን ኮምፔንሳቶ ነው። ትናንት የድኻ የነበረው ይህ ሰፈር ዛሬ ቤቱ በሚሊዮን ፓውንድ የሚሸጥበት ሆኗልና፣ ብዙዎቹ ባለቤቶች በበዓሉ ዋዜማ መስኮታቸውንና በራቸውን በኮምፔንሳቶ አሽገው ወደ ገጠር ይሸሻሉ። ያልሸሹት ከሁለት ይከፈላሉ፤ አንዳንዱ በሩን ከፍቶ ይጨፍራል፣ ሌላው «መጸዳጃ ቤት አለ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ከሚገባው ሰው ሁሉ ቀረጥ ይቀበላል። ጥንት በኬላ ላይ የተሾመ ባላባት በሁለት ቀን ከዚህ የሚበልጥ ያገኝ ነበር ብዬ አላምንም። ከአንድ ፎቅ ሰገነት ላይ አንዲት እመቤት አገጯን በእጇ ይዛ ከላይ ወደ ታች በመጸየፍ ስትመለከት የኔታ አዩዋትና፣ «ሜልኮል» አሉ በለሆሳስ። ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል በመስኮት ሆና የናቀችውን የሳኦልን ልጅ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ በየሰገነቱ ላይ ሜልኮልን መቍጠር ሥራቸው ሆነ፤ እጇን ከአገጯ አንሥታ ማጨብጨብ የጀመረችውንም በደስታ ከመዝገባቸው ይሰርዙ ነበር።

ቀጥሎ የተቀበለን ጢስ ነው። የዘይት በርሜል በካሪቢያን ሰው ዘንድ ሁለት ሹመት አለው፤ አግድም ተቈርጦ ክዳኑ ሲጐደጐድ ዜማ ይሆናል፣ ቁመቱን ለሁለት ተሰንጥቆ ፍም ሲሞላበት ደግሞ ጀርክ የሚሉትን በሚጥሚጣ ዓይነት በርበሬና በቅመም የታሸ ዶሮ ይጠብሳል። በየመዓዝኑ በዚህ በርሜል ላይ የሚሽከረከረው ዶሮ፣ አጠገቡም የሚጠበሰው በቆሎ፣ በነሐሴ የአዲስ አበባን መንገድ የሚያስታውስ ሽታ አለው፤ የጾሙ ወራት ገና ትናንት ስላለፈ የኔታ ከሁለቱም አልሸሹም፤ ዶሮውን ቀምሰው፣ «ሽንኵርቱ አንሷል፣ በርበሬው ግን ክርስቲያናዊ ነው» አሉ።

ከዚያ የላባው ሰልፍ መጣ። ማስ የሚሉት ይህ የበዓሉ ክፍል ማኅበር ማኅበር ሆኖ ያጌጠ መኪና አስቀድሞ የሚያልፍ ሲሆን፣ ልብሱን ዓመቱን ሙሉ በየምድር ቤቱና በየመጋዘኑ ሽቦ እያጠፉ፣ ጨርቅ እየሰፉ፣ ፈርጥ እየለጠፉ የሚያዘጋጁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ፣ አያቶችና ልጆች ናቸው፤ ዳኞችም በተወሰነ ስፍራ ተቀምጠው ነጥብ ይሰጣሉ። የአንዳንዶቹ ክንፍ ከመንገዱ ወርድ የሚተካከል በመሆኑ በመንኰራኵር ይደገፋል። ልብሱ ወደ ላይ እንዲህ የተትረፈረፈውን ያህል ወደ ታች እጅግ የተቈጠበ ነውና፣ መሪጌታውን በምን አኳኋን ላሳልፋቸው ብዬ ስጨነቅ፣ እርሳቸው የሊቅ መላ አላጡም፤ ጥምጥማቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው ዐይናቸውን ወደ ላይ ብቻ አቀኑና፣ «ከአንገት በላይ ያለው ሥራ የሚደነቅ ነው» እያሉ የላባውን አሰካክ አንድ በአንድ አደነቁ።

ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። የኔታ ለበዓል የሚገባውን ለብሰው ነበርና፣ ማለት ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ እጀ ጠባብ፣ ጥቁር ካባ፣ በቀኝ እጅ መቋሚያ፣ በግራ እጅ ጭራ፣ ከእግራቸው ላይ ግን ልጃቸው የገዛችላቸው የሩጫ ጫማ፣ አንዲት ሥርዓት አስከባሪ ወጣት ብጫ ሰደርያዋን ለብሳ፣ ወረቀትና ስክሪፕቶ ይዛ ቀረበችና፣ እኒህ አባት የየትኛው ማኅበር አባል እንደ ሆኑና ከማኅበራቸው ለምን እንደ ተለዩ በትሕትና ጠየቀችኝ። ልብሱ የዘወትር ልብሳቸው እንደ ሆነ ብነግራት አላመነችም፤ እንዲህ ያለ የተሟላ ጌጥ ለውድድር ሳይመዘገብ መቅረቱ ሳያስቈጫት አልቀረም። ለየኔታ ነገሩን ሳስረዳቸው፣ «የበአታ ማኅበር በላት» አሉኝ። አልኋትም። እርሷም ዝርዝሯን ከላይ እስከ ታች ፈልጋ ስታጣው፣ የጠፋው ስሙ ሳይሆን ወረቀቱ መስሏት፣ ወደ ሰልፉ የሚያስገባውን ገመድ ከፍ አድርጋ አሳለፈችን። መመልከት የተባለው መዓርጋችን በዚያች ደቂቃ ተሻረ። ከመንገዱ መካከል ገባን፤ ከዚያም ወደ ዳር መመለሻ አልነበረም፤ ከኋላችን ከበሮ፣ ከፊታችን ላባ፣ ከግራና ከቀኛችን ፎቶ የሚያነሣ ሕዝብ ነበረና።

ሰልፉ በአንድ ጥግ በኩል ሲያልፍ ምድር ተናወጠች። ጃማይካዎቹ ሞንታርቦአቸውን የደረደሩበት ስፍራ ነው፤ እንዲህ ያሉት ስፍራዎች በሰፈሩ ከ30 በላይ ሲሆኑ፣ ድምፃቸው በጆሮ ከመግባቱ አስቀድሞ በደረት ይገባል። ከዚያ ያየነው ግን አረንጓዴ፣ ብጫና ቀይ ባንዲራችን፣ መካከሉ ላይ ዘውድ የጫነው አንበሳ፣ ግድግዳውም ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥዕል ነው። ከእነዚህ ባለሞንታርቦዎች ስመ ጥሩው አባ ሻንቲ ይባላል ብዬ ለየኔታ ብነግራቸው፣ «አባ? ገዳሙ ወዴት ነው?» አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም። አንድ ሽበታም ራስታ ግን የእርሳቸውን ጥምጥም ባየ ጊዜ ሕዝቡን ገፍቶ መጣና፣ የሹራብ ቆቡን አውልቆ፣ እስከ ወገቡ ድረስ የወረደ ጕንጕን ጠጕሩን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣቸው። በ1966 ኤፕሪል 21 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርዱ፣ ወታደሩን ጥሶ አስፋልቱን ከሞላው ሕዝብ መካከል በአባቱ ትከሻ ላይ የነበረ ልጅ እንደ ሆነ ነገረን፤ የኔታም በዚያው ዘመን በአታ ቆመው አቋቋም ይቀጽሉ እንደ ነበር መለሱለት፤ እኔ በመካከል ሆኜ እያስተረጐምሁ፣ ሁለቱም ያን ዓመት አብረው ያሳለፉ ያህል ተጨዋወቱ። ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ በ1970 ወደ ጃማይካ ተልከው ብዙዎችን ካጠመቁ ወዲህ እርሱም ክርስትና እንደ ተነሣ ሲነግራቸው፣ የኔታ የክርስትና ስሙን ጠይቀው፣ ከዚያም ውዳሴ ማርያም በቃል ይወጣው እንደ ሆነ መረመሩት። አልወጣውም። «እዚህ ካለው ደብር ሄደህ ተማር፤ ይህን ሁሉ ሞንታርቦ የተሸከመ ሰው ውዳሴ ማርያም አይከብደውም» ብለው መከሩት።

ለፓኑ ግን ጊዜ ሰጡት። ከሰዓት በኋላ አንድ የፓን ጓድ፣ መሣሪያውን በጣሪያ በተከደነ ረዥም ጋሪ ላይ ሰቅሎ፣ ሰዎች እየገፉለት በአጠገባችን ሲደርስ፣ የኔታ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣ ልጅ በአንድ በርሜል ብቻ ስትመታ፣ ወፍራሙን የያዘው ሰውዬ በስድስት ሙሉ በርሜል መካከል ቆሞ ወገቡን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ይመታል። «ወደ አራራይ ያደላል» አሉ መጀመሪያ፤ ቈየት ብለው፣ «አሁን ከመረግድ ወደ ጽፋት ሊሻገሩ ነው፤ ያንን ከፊት ያለውን ሰው አየኸው? መሪው እርሱ ነው፤ ሳይናገር በቅንድቡ ይመራል፤ ይህ የተማረ ነው» አሉ። እውነትም ምቱ ፈጠነ። መቋሚያቸው መጀመሪያ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ተነሣች፤ ቀጥላ ወደ ቀኝ፣ ቀጥላ ወደ ግራ ዘመመች፤ ስድሳ ዓመት በማኅሌት የቆመ አካል ምቱን ከሰማ ፈቃድ አይጠይቅምና፣ የኔታ ሰውነታቸውን እንደ ወትሮው በቀስታና በጨዋነት ወዘወዙ። ከጋሪው ላይ ያሉት መቺዎች አዩአቸው፤ ባለስድስቱ በርሜልም በእርሳቸው መቋሚያ አወራረድ ልክ ይመታ ጀመር። አጠገባችን የቆመ ፖሊስ ሳይቀር፣ ማንም የማያየው መስሎት፣ ተረከዙን ያነሣ ነበር፤ በየዓመቱ የሚጨፍር ፖሊስ ሥዕል በጋዜጣ መውጣቱ የተለመደ ነውና አልፈርድበትም። ስለ እኔ ትከሻ የሚወራውን ግን አንባቢ እንዳይሰማ አሳስባለሁ።

ልክ በ9 ሰዓት፣ እነርሱ ከሰዓት በኋላ 3 በሚሉት፣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሞንታርቦው ጠፋ፣ ፓኑ ቆመ፣ ፊሽካውም ከየአፉ ወረደ። በዚሁ ሰፈር አጠገብ በ2017 ጁን 14 ቀን ሌሊት ግሬንፌል በተባለው ረዥም ፎቅ ላይ በተነሣ እሳት 72 ሰዎች ሞተዋልና፣ ካርኒቫሉ ለእነርሱ ለ72 ሴኮንድ ዝም ይላል። ከሞቱት መካከል የእኛም አገር ልጆች ነበሩበት። የኔታ ምክንያቱን ስነግራቸው ጥምጥማቸውን ነካ አድርገው ጸሎተ ሙታን ጀመሩ፤ ሴኮንዱ አልቆ ከበሮው ሲመለስም ከንፈራቸው ገና ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጀምረው የሚያቋርጡት ጸሎት የላቸውም።

ማታ በ1 ሰዓት ሞንታርቦው ሁሉ እንዲዘጋ ሕግ ነው፤ ይዘጋልም። ወዲያው የመንገድ ጠራጊዎች መኪናቸውን ይዘው ይገባሉ፤ በመቶ ቶን የሚቈጠረውን የጣሳ፣ የወረቀትና የዶሮ ዐጥንት ክምር ሌሊቱን ያነሡታል። በየዓመቱም ከበዓሉ ማግሥት ጀምሮ አንድ ክርክር ይነሣል፤ ሕዝቡ በዛ፣ መንገዱ ጠበበ፣ ወንጀል አለ፣ እንግዲህ ይህ ነገር ከሰፈር ወጥቶ ሃይድ ፓርክን በመሰለ ሰፊ ሜዳ ላይ በአጥር ውስጥ ይደረግ የሚሉ ሰዎች ይጽፋሉ። የመጨናነቁ ስጋት እውነት ነው፤ ወንጀሉንም የሚክድ የለም፤ በቀን ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ፖሊስ የሚሰለፈው ያለ ነገር አይደለም። እኔ ግን በዚህ ረገድ ከየኔታ ጋራ እስማማለሁ። ክርክሩን ስነግራቸው፣ «ጥምቀትን ከጃን ሜዳ አንሥተው ስታዲየም ቢያስገቡትና በር ላይ ቲኬት ቢቈርጡ ምን ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የምለው አልነበረኝም።

አንባቢ ሆይ፣ ወደዚያ ለመሄድ ያሰብህ እንደ ሆነ፣ እሑድ የልጆችና የቤተ ሰብ ቀን ስለ ሆነ ሽማግሌና ሕፃን ይዘህ በእርሱ ውጣ፤ ሰኞን ጕልበት ላላቸው ተው። ዝርዝር ገንዘብ ለመጸዳጃ ቤቱ ቀረጥ ያዝ። ላድብሮክ ግሮቭ የሚባለው የባቡር ጣቢያ በበዓሉ ቀናት ስለሚዘጋ ከኖቲንግ ሂል ጌት ወርደህ በእግርህ ሂድ። ማሲንቆና ክራር ያላችሁ የለንደን ሐበሾችም፣ የሰልፉ ምዝገባ ከበዓሉ ወራት አስቀድሞ ነውና በጊዜ አስቡበት፤ የበአታ ማኅበር ስሙ በዝርዝሩ ላይ እስኪገባ ድረስ የኔታ ቪዛቸውን ሊያሳድሱ ቈርጠዋል።